ፍሬን ሁለት ጊዜ አይረገጥም

በዚህ ዓምድ እስከ አሁን ስለ ባትሪ፣ ስለ ጎማና ስለ ሞተር ዘይት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ባትሪ ሲደክም መኪናው አልነሣም ይላል፤ ሞተር ሲታመም መኪናው በመንገድ ይቀራል፤ ፍሬን ሲታመም ግን መኪናው አልቆምም ይላል። የሌላው ክፍል ብልሽት የሚጎዳው ኪስን ነው፤ የፍሬን ብልሽት የሚጎዳው ሰውን ነው።

ሕመሙ የሚጀምረው በአንዲት ትንሽ ምልክት ነው። ትናንት ጥቂት ወረድ ብሎ ይይዝ የነበረው የፍሬን ፔዳል ዛሬ ወደ ወለሉ ተጠግቶ መያዝ ይጀምራል። ነጂው ደንገጥ ይልና ደግሞ ይረግጠዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ፔዳሉ ከፍ ብሎ ይይዛል። «እሰይ፣ ደኅና ነው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ሁለት ጊዜ መርገጥ ልማድ ይሆንበታል፤ ልማድ ከሆነም በኋላ በሽታ መሆኑን ይረሳዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

እስቲ ነገሩን በሂሳብ እንመልከተው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። እግርን አንሥቶ ለሁለተኛ ጊዜ ለመርገጥ ግማሽ ሴኮንድ ቢፈጅ፣ መኪናው 7 ሜትር ያህል ፍሬን ሳይዘው አለፈ ማለት ነው። 7 ሜትር ደግሞ ሁለት መኪናዎች ግራና ቀኝ የሚተላለፉበት መንገድ ስፋት ነው። ኳሱን ተከትሎ ከግቢ ብቅ ያለ ሕፃን ያንን 7 ሜትር ሊያበድረን አይችልም።

«እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ መኪና ከየት መጥቶ!» የሚሉ አንባቢ ቢኖሩም ገጹን አይለፉት። መኪና ባይኖርዎ ታክሲ ይሳፈራሉ፤ ለበዓል ወደ አገር ቤት በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ነገም ከደመወዝዎ ቆጥበው አንድ አሮጌ መኪና ይገዙ ይሆናል። አሮጌ መኪና ሲገዛ ደግሞ ከቀለሙ በፊት መመርመር የሚገባው ፍሬኑ ነው።

የፍሬን አሠራር

አሠራሩን ያላወቀ ሰው ሕመሙን መለየት አይችልምና በመጀመሪያ ይህን ባጭሩ እንይ። ለምሳሌ እንዲሆነን በአገራችን ጎዳና ላይ ብዙ ዘመን የኖረውን ጀርባ ክቡን ቮልስዋገን እንውሰድ። ይህ መኪና በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ መሠራቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የአብዛኛዎቹ ፍሬን በአራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ያለው፣ ረዳት ኃይል የሌለው፣ ቀላልና ግልጥ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል።

ፔዳሉን ሲረግጡት እንደ መፈንቀያ ብረት ሆኖ የእግርዎን ጉልበት አምስት እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ይህም ጉልበት ማስተር ሲሊንደር በሚባለው ዋና ፖምፓ ውስጥ ያለውን ፒስቶን ይገፋል። ፒስቶኑ ዘይቱን፣ ዘይቱም በቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ በየጎማው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ፒስቶኖች ይገፋል። እነዚያ ደግሞ ሸራ የተለበጡትን ሁለት ቀስት መሳይ ብረቶች ወደ ውጭ ከፍተው ከሚዞረው ታምቡር ጋር ያፋትጓቸዋል። እግርዎን ሲያነሡ ሞላው ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል።

የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ዘይት እንደ አየር ተጨምቆ የማያንስ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። በዚሁ ሕግ በአራቱም ጎማ ላይ የሚሠራ የዘይት ፍሬን ያለው የቤት መኪና በመጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው በአሜሪካ የነበረው የዱሰንበርግ ፋብሪካ ነው፤ ይኸውም በ1921 እ.ኤ.አ. ነበር። የቮልስዋገን ፍሬን ግን በመጀመሪያው ዘመን በሽቦ ገመድ የሚጎተት ነበርና፣ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ዓይነት በዘይት መሥራት የጀመረው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ጥቂት ቁጥር እናስላ። የዋናው ፖምፓ ፒስቶን ዲያሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል፤ የፊቱ ስፋት ከ3 ካሬ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ፔዳሉን በ20 ኪሎ ጉልበት ቢረግጡት ፒስቶኑ ዘንድ 100 ኪሎ ሆኖ ይደርሳል፤ በየካሬ ሳንቲ ሜትሩም ከ30 ኪሎ በላይ ግፊት ይሆናል። ነገር ግን መፈንቀያ ጉልበትን ሲጨምር ርቀትን ይቀንሳል። ፔዳሉ 5 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ፒስቶኑ የሚሄደው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ወለል እስኪነካ ድረስ የሚገፋው ዘይት ሁሉ ተሰብስቦ ቢለካ የአንዲት የቡና ሲኒ ሩብ እንኳ አይሞላም።

በአራቱ ጎማዎች ውስጥ ስምንት ትንንሽ ፒስቶኖች አሉ። ስፋታቸው ከዋናው ጋር እኩል ነው እንበልና፣ ሸራው ስለተበላ እያንዳንዳቸው ከቀድሞው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ አልፈው መሄድ ቢኖርባቸው፣ ፔዳሉ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። እንግዲህ ፔዳል የወረደበት ሰው ከሩቅ ምክንያት አይፈልግ። የግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ አንዲት የአየር አረፋ ወይም ጥቂት ጠብታ ዘይት ይበቃል።

ፔዳሉን መጠየቅ

ከዚህ በታች ያሉት ምርመራዎች ገንዘብ አይጠይቁም። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ። ረዳት ኃይል ያለው አዲስ መኪና ከሆነ፣ ተጠራቅሞ የቆየው ኃይል እንዲያልቅ በመጀመሪያ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡና ጥቂት ያሳርፉት።

አንደኛ፤ ዘይቱ የት ደረሰ? በብዙዎቹ ቮልስዋገኖች የፍሬን ዘይት ዕቃ ያለው ከፊት ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ነው። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ከሆነ የሄደበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዘይት ሞልቶ ይሄዳል፤ ይህ ግን የሚፈሰውን ጣሪያ ሳይጠግኑ ከሥሩ ባልዲ እንደ ማስቀመጥ ነው። የአራቱን ጎማዎች ውስጠኛ ጎን፣ ቱቦዎቹንና ከፔዳሉ በላይና በታች ያለውን ወለል በእጅዎ ይዳብሱ። እርጥብ ሆኖ የተገኘው ቦታ ሌባው ነው። ዲስክ ያለው መኪና ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ የዲስኩ ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ፒስቶኑ ተከትሎት ስለሚወጣ፣ ምንም ሳይፈስስና ፔዳሉም ሳይወርድ በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።

ሁለተኛ፤ ሲደጋገም ምን ይላል? ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረግጠው የያዘበትን ቦታ ያስተውሉ፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርገው ይርገጡት። ከፍ ብሎ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከያዘ፣ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት በዝቷል፤ የሚያስፈልገው ማስተካከል ነው። ከፍ ቢልም እንደ ስፖንጅ ከላላ፣ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። ያረጀ የላስቲክ ቱቦም ሲረገጥ እየተነፋ ይህንኑ ልስላሴ ሊያመጣ ይችላልና፣ ሌላ ሰው ሲረግጥ እርስዎ ቱቦዎቹን ይመልከቱ።

ሦስተኛ፤ ተረግጦ ሲያዝ ይጸናልን? ፔዳሉን በመካከለኛ ጉልበት ረግጠው አንድ ደቂቃ ያህል ሳይለቁ ይያዙት። በያዘበት ቢቆይ መልካም ነው። እየቀለጠ እንደሚሄድ ቅቤ በቀስታ ወደ ታች ከወረደ ግን ዘይቱ የሚያመልጥበት አለ። በውጭ እርጥበት ከታየ የሚፈሰውን ቦታ አግኝተዋል። በውጭ ምንም ካልታየና በዕቃው ያለው ዘይትም ካልጎደለ፣ በዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱ በፒስቶኑ ጎን ወደ ኋላ ያልፋል ማለት ነው። ፖምፓው መታደስ ወይም መለወጥ አለበት።

አራተኛ፤ የእጅ ፍሬኑ ምን ይመሰክራል? የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ጥርስ ስበው ፔዳሉን እንደገና ይርገጡ። የእጅ ፍሬን የኋላዎቹን ሸራዎች ወደ ታምቡሩ ስለሚያስጠጋ፣ ፔዳሉ ወዲያው ከፍ ካለ ክፍተቱ ያለው ከኋላ ጎማዎች ላይ ነው።

አምስተኛ፤ ሕመሙ የሚነሣው መቼ ነው? ጧት ደኅና የነበረው ፔዳል ከቁልቁለት በኋላ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ የሙቀት ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሸራውም ሊደርስበት ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ከዚህ የባሰው ዘይቱ ራሱ ሲፈላ ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እናነሣዋለን።

ማስተካከል

በቮልስዋገን ታምቡር ውስጥ ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ ባለ ጥርስ ማስተካከያ አለ፤ በአንድ ጎማ ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ይሆናሉ። በቀድሞዎቹ በታምቡሩ ፊት ባለች ቀዳዳ፣ በኋለኞቹ ከታምቡሩ በስተ ጀርባ ባለው ሳህን ቀዳዳ በኩል በካቻቢቴ ይዞራሉ።

መኪናው እንዳይንሸራተት መሬት ላይ ከሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ያድርጉ። በክሪክ ካነሡት በኋላ ጠንካራ ድጋፍ ከሥሩ ያኑሩ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ማርሹንም ነፃ ያድርጉ። ከዚያም አንዱን ማስተካከያ ጎማው በእጅ አልዞርም እስኪል ድረስ ያጥብቁት፤ ቀጥሎም ጎማው በነፃ እስኪዞር ሦስት ወይም አራት ጥርስ ያህል መልሰው ያላሉት። ሁለተኛውንም እንዲሁ ያድርጉ፤ ማጥበቂያው ከፊተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑን አይርሱ። ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ረግጠው እንደገና ይፈትሹ። አራቱም ሲያልቁ ፔዳሉ ከፍ ብሎ መያዝ አለበት።

ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ዞሮ ሸራው አሁንም ታምቡሩን ካልነካ፣ ሸራው አልቋልና ይለወጥ። ሲለወጥም የአንዱ ጎማ ብቻ ሳይሆን የግራውና የቀኙ አብረው ይለወጡ፤ አለዚያ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። የታምቡሩን ዱቄት በአፍ ወይም በአየር መንፋት ክልክል ነው። የቀድሞ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ነበረባቸውና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

በፔዳሉ ዘንግና በዋናው ፖምፓ ፒስቶን መካከልም የ1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ፔዳሉን ከፍ ለማድረግ ብለው ይህን ክፍተት የሚዘጉ ሰዎች አሉ። ክፍተቱ ሲዘጋ ዘይቱ ወደ ዕቃው የሚመለስበት መንገድ ይዘጋል፤ ፍሬኑም እየጋለ በራሱ ይይዛል። ፔዳሉ ከፍ አለ ተብሎ ሌላ በሽታ ገባ ማለት ነው።

አየር ማስወጣት

ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያሻል፤ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከጎማው ዘንድ ይቀመጣል። የሚጀመረው ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው። መሪው በግራ በሆነ ቮልስዋገን ተራው የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ ይሆናል። ከአየር ማስወጫው ብሎን ላይ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ይሰካና ጫፉ ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል።

ከዚያ በኋላ ቋንቋው አጭር ነው። «እርገጥ!» ሲባል ይረገጣል፤ ብሎኑ ይከፈታል፤ አረፋ የተቀላቀለው ዘይት ይወጣል፤ ብሎኑ ይዘጋል፤ «ልቀቅ!» ይባላል። ብሎኑ ሳይዘጋ እግሩ ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ይደጋገም፤ በየመካከሉም በዕቃው ያለው ዘይት እንዳያልቅ ይጨመር። በአሮጌ ፖምፓ ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ በኃይል መምታት አይገባም፤ ጎሚኒው ተመላልሶበት በማያውቅ ሻካራ ስፍራ ሲያልፍ ይቀደዳል። በጠርሙሱ የተጠራቀመው ዘይት መልሶ አይጨመርም።

ዘይቱና ቁልቁለቱ

የፍሬን ዘይት የሞተር ዘይት አይደለም። በነዳጅ ዘይት የተሠራ ማናቸውም ነገር በፍሬን ውስጥ ቢገባ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል። በዕቃው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ የተጻፈውን፣ መኪናው የሚጠይቀውን ይግዙ። አዲስ ሳለ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃ ከጠጣም በኋላ መለኪያው ወደ 140ና ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ክዳኑ ሳይከደን የቆየ ዘይት አይገዛም፤ በመኪናው ውስጥ ያለውም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ቢለወጥ መልካም ነው።

ይህ ቁጥር ለእኛ አገር ሰው የወረቀት ነገር አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። አራት ሰው የጫነ፣ በጠቅላላው 1,100 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ጉልበቱ ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢገታ፣ በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት በአዲስ አበባ ከፍታ ከ30 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። እንዲህ የጋለ ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃልና ፔዳሉ በድንገት ወለል ይነካል። ስለዚህ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍሬንን ሳያቋርጡ ከማሸት ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይገባል። በቁልቁለት ማርሽን አውጥቶ ነዳጅ መቆጠብ በሕይወት የሚከፈል ቁጠባ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ከ1968 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የቤት መኪና ፍሬን በሁለት የተከፈለ እንዲሆን ታዟል፤ አንዱ ወገን ቢበጠስ ሁለተኛው ይይዛል። ከዚያ በፊት በተሠሩት በብዙዎቹ ግን አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። በሁለት የተከፈለው ፍሬን ፔዳል ድንገት ወርዶ በዝቅተኛ ቦታ ጠንክሮ ከያዘ፣ ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ሞቷል ማለት ነውና መኪናው ከዚያው ይቁም። በመንገድ ላይ ፔዳሉ ጨርሶ ከጠፋ ደጋግመው ይርገጡት፤ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ፤ የእጅ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይሳቡ። በዚህች ጊዜ ብቻ ደጋግሞ መርገጥ ይፈቀዳል።

ጋራዥ ሲገቡ

በፍሬን ሠርተው የማያውቁ ከሆነ መፍታቱን ለባለሙያ ይተዉት፤ ምርመራውን ግን ማንም ሰው ማድረግ ይችላል። መካኒኩን «ፍሬኔ ተበላሽቷል» ከማለት ይልቅ «ሲደጋገም ይጠነክራል» ወይም «ሲያዝ ይወርዳል» ይበሉት። ማስተካከል ብቻ ለሚበቃው ፍሬን ፖምፓ ይለወጥ ቢባል ምክንያቱን ይጠይቁ፤ አሮጌውንም ዕቃ እንዲያሳይዎ ይለምኑ። ደግ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። የወር ደመወዝተኛ የሚያውቀውን ያህል ይቆጥባል። ሥራው ካለቀ በኋላም ሕዝብ ወዳለበት መንገድ ከመውጣትዎ በፊት በሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ ይፈትኑት።

ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ሲቀመጡ ደግሞ እግሩን ይመልከቱ። በየማቆሚያው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚረግጥ ከሆነ ሊነግሩት ይገባል። በትሕትና «ጋሼ፣ ፍሬንዎ የወረደ ይመስላል፤ ቢያሳዩት ምናለበት?» ማለት ነውር የለበትም። ሊቆጣ ይችላል። ማታ ግን መኪናውን ሲያቆም ያስታውሰዋል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውንም ምክር ከእርስዎ እንደ ሰማ ይቆጥረዋል።

በሚመጣው ሳምንት ስለ መሪ መንቀጥቀጥ እንነጋገራለን። እስከዚያው በደኅና ይግቡ።